«ይህን ያውቁ ኖሯል?» ከየትስ አገኙት?

መጽሔት ገዝቶ ከርዕሰ አንቀጹ የሚጀምር አንባቢ አለ ቢሉኝ ለማመን እቸገራለሁ። አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንፈልገው ያችኑ በገጹ ማዕዘን በመስመር ታጥራ የምትቀመጠውን ትንሽ ዓምድ ነው። አንዱ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ይላታል፤ ሌላው «ድንቃ ድንቅ»፤ ሌላው «ከዚህም ከዚያም»። የሰጎን ዓይን ከአንጎሏ እንደሚበልጥ፣ ኦክቶፐስ የሚሉት የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ እንዳለው ብዙዎቻችን የሰማነው ከአስተማሪ ሳይሆን ከእርሷ ነው። አንብበን ስናበቃም ሆዳችን ውስጥ አታድርም። ታክሲ ላይ አጠገባችን ለተቀመጠው፣ ማታም ቡና ሲፈላ ለቤተሰቡ እንነግራታለን።

በአገራችን ስለ ልብ ወለዱ፣ ስለ ግጥሙና ስለ ቴአትሩ ሂስ ይጻፋል። ይህችን ዓምድ ግን ከቁም ነገር ቆጥሮ የሄሳት ሰው አላጋጠመኝም። የቦታ መሙያ ናት ተብላ ትታለፋለች። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ደራሲ «ፈጥሬ ጻፍሁት» ብሎ ስለሚነሣ አንባቢው ተጠንቅቆ ያነበዋል፤ ይህች ዓምድ ግን «እውነት ነው» ብላ ስለምትነሣ ማንም አይጠነቀቃትም። ለብዙ ሰው ስለ ዓለም፣ ከዚያም አልፎ ስለ ገዛ አገሩ፣ ያለውን ዕውቀት የምታቀብለው እርሷ ናት። ስለዚህ ሂስ የሚገባት ይመስለኛል።

በዚህ ጉዳይ ይህ ጸሐፊ ራሱ ንጹሕ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የግል ኅትመት እንደ አሸን በፈላበት ጊዜ፣ ዛሬ በሌለች አንዲት መጽሔት ላይ ያችን ዓምድ የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ። ሥራው ቀላል ነበር። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች በእንግሊዝኛ የታተሙ የድንቃ ድንቅ መጻሕፍት እገዛለሁ፤ ለየወሩ አሥር አሥራ ሁለት እመርጣለሁ፤ እተረጉማለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ስለ አገራችን የሚያወራ ሳገኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ የመጀመሪያው ወንጀለኛ በኤሌክትሪክ ወንበር ሲገደል ዳግማዊ ምኒልክ ወሬውን ሰምተው ሦስት ወንበሮች ያዝዛሉ። ወንበሮቹ ሲደርሱ አገሩ ኤሌክትሪክ የሌለው መሆኑ ይታወቃል። ንጉሡም ሁለቱን አስጥለው አንዱን ዙፋን ያደርጉታል።

ስቄ ተረጎምሁት። ትርጉሙ ደረቅ ስለመሰለኝም «ወንበሮቹ ከዘይላ ወደብ በግመል ተጭነው ገቡ» የሚል ጨመርሁበት። እንግሊዝኛው ውስጥ ግመል የሚባል አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ ዕቃ በግመል ይጫን ስለነበር፣ ሊሆን የሚችል ነገር ጨመርሁ እንጂ ዋሸሁ አላልሁም።

መጽሔቷ በወጣች በሳምንቱ ገደማ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ዝግጅት ክፍሉ ድረስ መጡ። በጡረታ የተገለሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አልተቆጡም። ገጹን አጥፈው በኪሳቸው ይዘውት ኖሮ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና፣

«ልጄ፣ ይህን ከየት አገኘኸው?» አሉኝ።

«ከመጽሐፍ ነው አባባ።»

«መጽሐፉስ ከየት አገኘው?»

መጽሐፉን አውጥቼ አሳየኋቸው። እንደኔው ዓምድ ሁሉ ምንጭ የሚባል ነገር አልነበረውም። «እኛ ቤት እንዲህ ያለው የሰሚ ሰሚ ይባላል» አሉና ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ግመሎቹን ማን አያቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ነገሩን መመርመር የጀመርሁት እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? እኔ የጨመርሁበት ሐሳብ ሳይሆን ግመል ነበር። የመጀመሪያው ቅጣት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1890 በኒውዮርክ ግዛት፣ ኦበርን በተባለው ወኅኒ ቤት፣ ዊሊያም ኬምለር የተባለ ሰው በኤሌክትሪክ ወንበር ተገድሏል። ወንበሩ ግን ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም። ዌስቲንግሃውስ የተባለው ኩባንያ ማመንጫውን ለዚህ ሥራ አልሸጥም በማለቱ፣ ማሽኖቹ የተገኙት በእጅ አዙር ነበር። ኒውዮርክ ራሷ በስውር ያገኘችውን ዕቃ ከእንጦጦ በደብዳቤ አዝዞ ማስመጣት እንዴት ተቻለ? ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የመጀመሪያው የንግድ ውል የተፈረመው ሮበርት ስኪነር የሚመራው መልዕክተኛ ቡድን አዲስ አበባ በገባበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ ማለትም ከ13 ዓመት በኋላ ነው። በሌላ በኩል ምኒልክ ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ1879 ጀምሮ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነበረ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ያለ ኤሌክትሪክ እንደማይሠራ የሚነግራቸው ሰው እቤታቸው ተቀምጦላቸዋል ማለት ነው።

ይህ ገና የዕቃው ጉዳይ ነው። የባሰው ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. 1890 ማለት በኛ አቆጣጠር 1882 እና 1883 ዓ.ም. ነው፤ ክፉ ቀን። የከብት ዕልቂቱ በሬውን ጨርሶት፣ ገበሬው የሚጠምደው አጥቶ፣ ሰው በየመንገዱ የሚወድቅበት ጊዜ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደቆፈሩ ከዚያ ዘመን ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ መጻፉን ደርሰውበት ለንጉሥ ኡምቤርቶ የጻፉትም በ1883 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። በአንድ ግሥ ትርጉም ከአንድ የአውሮፓ መንግሥት ጋር ሙግት የገጠመ ሰው፣ ሕዝቡ እየረገፈ፣ በዚያው ወቅት የመግደያ ወንበር ያዝዝ ነበር ሊባል ነው። ያች ዓምድ ክፉ ቀኑንም ውጫሌንም ደምስሳ በሦስት ዐረፍተ ነገር የተወችልን ያላወቀውን ዕቃ የሚገዛ አንድ የዋህ ንጉሥ ነው። ይህን ያደረገ ደግሞ ጠላት አይደለም። ቦታ መሙያ የቸገረው ያገር ልጅ ነው።

ተረቱ የሚጣፍጠው ከእውነት ጥግ ስለበቀለ ነው። ምኒልክ ለአዲስ ነገር ጉጉ እንደነበሩ ስልኩም፣ ባቡሩም፣ አውቶሞቢሉም ይመሰክራሉ። አንዳንዱ መጽሐፍ እንዲያውም ከዚህ ያልፍና ንጉሡ የሞቱት ከሕመማቸው ለመዳን ሲሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች በልተው ነው ይላል። ምኒልክ ደጋግሞ በመታቸው ስትሮክ ዓመታት አልጋ ላይ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው ያረፉት። ይህንን እንኳ መተርጎም ደፍሬ አላውቅም።

ከዚህ ተነሥቶ ድንቃ ድንቅ ሁሉ ቅጥፈት ነው ማለት ግን ትክክል አይሆንም። የዚህ ዓይነት ዓምድ አባት ሊባል የሚገባው አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮበርት ሪፕሊ ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1918 ጀምሮ በኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ እያወጣ «ብታምኑም ባታምኑም» በሚል ስም ዓለምን ያዳረሰው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ቻርልስ ሊንድበርግ ብቻውን አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ በደስታ ባበደችበት ሰሞን፣ ሪፕሊ «ሊንድበርግ አትላንቲክን ያለ ዕረፍት በአየር የተሻገረ 67ኛው ሰው ነው» ብሎ አወጣ። በሺህ የሚቆጠር የቁጣ ደብዳቤ ጎረፈለት። ሰውዬው ግን መልስ ነበረው። እንግሊዛውያኑ አልኮክና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1919 በአውሮፕላን ተሻግረዋል፤ እነዚህ ሁለት ናቸው። በዚያው ዓመት አር 34 የተባለ በጋዝ የሚንሳፈፍ የአየር መርከብ 31 ሰው ይዞ ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ በጀርመን የተሠራ ሌላ የአየር መርከብ 33 ሰው ይዞ። ሲደመር 66። ሊንድበርግ 67ኛ። ብቻውን የተሻገረ የመጀመሪያው ሰው መሆኑ ግን አልተነካበትም። አንባቢው ደምሮ ማረጋገጥ ይችላል፤ ደምሮ ሲጨርስም ቀድሞ የሚያውቀውን ነገር «ብቻውን» በምትለው ቃል አጥርቶ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ከሪፕሊ ራስ አይደለም የሚወጣው። ከጀርባው ኖርበርት ፐርልሮት የሚባል፣ በፖላንድ ምድር የተወለደና ብዙ ቋንቋ የሚያነብ ሰው ነበረ። ፐርልሮት እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1975፣ ለ52 ዓመት፣ በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ኖረ። ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዓምዱን ያቆመው ግን እርሱ ነው። ሪፕሊ «የዓለም አንደኛ ውሸታም» ሲባል የማይከፋው፣ ለእያንዳንዱ ነገር «ከየት አገኘኸው?» ቢሉት የሚያወጣው ወረቀት ስላለው ነው። እኛ አስመሳዮቹ የወሰድነው ጩኸቱን ብቻ ነው። ፐርልሮትን የወሰደ የለም።

አንዳንዱ አንባቢ እስካሁን ያልሁትን የምኒልክን ክብር ለመከላከል የተነገረ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። አይደለም። የሚያኮሩንም ወሬዎች ከሚያሳፍሩን በምንም አይሻሉም፤ እንዲያውም ማንም ስለማይጠይቃቸው የባሱ ናቸው። ካልዲን እንውሰድ። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲጨፍሩ ያየውን እረኛ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በቡና ቤት ሰሌዳ፣ በማሸጊያ ወረቀት ሳይቀር ተጽፏል። ታሪኩ መጀመሪያ ታትሞ የሚገኘው ግን ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ውስጥ በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ነው። እዚያ እረኛው ስም የለውም። ከብቶቹ ግመሎች ናቸው ወይስ ፍየሎች፣ ነገሩ ቁርጥ አልሆነም። (ግመል በዚህም ገባ!) አገሩም የመን ነው። ካልዲ የሚለው ስምና የኛ አገር ተራራ የኋላ ጭማሪ ናቸው፤ እንደኔው ያለ ሰው ደረቅ መስሎት የጨመራቸው።

ካልዲን ብናጣ ምን እናጣለን? ምንም። ቡና የኛ ለመሆኑ ምስክሩ እረኛ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ያለው ጫካ ነው፤ አረቢካ ያለ ዘሪ የሚበቅልበት። አረቢካ ራሱ ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዘረ መል ጥናት ይህን መዳቀል ከ600,000 ዓመት ገደማ በፊት ያደርሰዋል። ሰው የሚባል ፍጥረት ገና ዛሬ ባለው መልኩ ሳይታይ ቡና እዚያ ነበረ ማለት ነው። ይህን ያህል ነገር በእጃችን እያለ የሚጨፍር ፍየል ምን ያደርግልናል?

ታዲያ እንዴት ይጻፍ? የምወደውን አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በየዓምዱ «በዕድሜ አንጋፋ ከሆኑት የዘመናዊ ሰው አፅሞች አንዱ በኦሞ ሸለቆ የተገኘ ሲሆን ዕድሜው 230,000 ዓመት ነው» የሚል አለ። ትክክል ነው፤ ስሕተት የለበትም። ግን እንደ ቁጥር ገብቶ እንደ ቁጥር ይወጣል። 230,000 ይሁን 320,000፣ ከሳምንት በኋላ ማን ያስታውሳል? ከዚህ በስተጀርባ ያለው ግን ሌላ ነው። አፅሙ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 ሪቻርድ ሊኪ ይመራው በነበረ ቡድን፣ ኪቢሽ በተባለው ሥፍራ ነው። ያን ጊዜ 130,000 ዓመት ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2005 እንደገና ተመርምሮ 195,000 ሆነ። ከአፅሙ በላይ ደግሞ የተነጠፈ ወፍራም የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። የአመዱ ዕድሜ ቢታወቅ አፅሙ ከዚያ ያነሰ ዕድሜ እንደማይኖረው ይረጋገጣል፤ ምክንያቱም ከሥር ያለው ቀድሞ የተቀበረው ነው። ነገር ግን አመዱ እንደ ዱቄት የላመ ስለነበር ዕድሜውን በቀጥታ መለካት አልተቻለም።

ተመራማሪዎቹ ምን አደረጉ? አመዱ የመጣበትን ተራራ ፈለጉ። እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ አመዱ ውስጥ የራሱ የሆነ የማዕድን ቅልቅል አለው፤ እንደ ባልትና ማለት ነው፤ በርበሬው የማን ቤት እንደሆነ የሚያውቅ ምላስ እንዳለ ሁሉ። ሲያነጻጽሩ ሲያነጻጽሩ ቅልቅሉ የገጠመው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ከሻላ ጋር ሆነ። ሻላ! አቢያታን ልናይ ስንሄድ ቆመን ፎቶግራፍ የምንነሣበት፣ በዳርቻው ፍል ውሃ የሚንተከተከው ሐይቅ። ሐይቁ የተኛበት ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጎድጓዳ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቆፈረው ነው። ከእሳቱ ምንጭ አጠገብ ያለው ድንጋይ ጠጠሩ ሸካራ በመሆኑ ዕድሜው ሊለካ ቻለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሲወጣ አፅሙ ቢያንስ 230,000 ዓመት ሆነው ተገኘ።

አሁን አንባቢው የያዘው ቁጥር ሳይሆን መንገድ ነው። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል ለምን እንደገባች ያውቃል። ቁጥሩ 2 ጊዜ መለወጡን ስላየ ነገ 3ኛ ጊዜ ቢለወጥ አይደነግጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በሞሮኮ ጄበል ኢርሁድ 300,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው አፅሞች ይፋ መሆናቸውን ቢሰማም ተሰረቅሁ አይልም። ሻላ ሲሄድም ሐይቁን በሌላ ዓይን ያየዋል። ዓምዷ ግን «አንጋፋ» ካለች አንጋፋ ነው፤ መታረምም ማርጀትም አታውቅም። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኝታ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያላት አርዲ ከዚያው ከአፋር ወጥታለች። ዓምዶቻችን ግን ድንቅነሽን እስካሁን «የሁላችን ታላቅ» እያሉ ይጠሯታል፤ ከ30 ዓመት በፊት የተጻፈውን ስለሚገለብጡ።

«ዓምዷ ጠባብ ናት፤ ይህ ሁሉ የት ይገባል?» የሚል ባልደረባ አለኝ። ልክ ነው፤ ሁሉም አይገባም። ግን እስቲ እንሞክር፦ «በኦሞ የተገኘው አፅም ከ230,000 ዓመት የማያንስ መሆኑ የታወቀው ከላዩ የተነጠፈው አመድ የሻላ ሐይቅ እሳተ ገሞራ አመድ ሆኖ በመገኘቱ ነው።» አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። ከሰጎን ዓይን የምትረዝመው በጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ይኸው ባልደረባዬ «አንባቢ የሚፈልገው መደነቅን እንጂ ማስረጃን አይደለም» ይላል። እኔ ደግሞ ሁለቱን ማን እንደለያያቸው አላውቅም። ስለ ሻላ አመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብሁ ዕለት ከየትኛውም የድንቃ ድንቅ መጽሐፍ ይበልጥ ተደንቄያለሁ። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ሲሉ ነገርን ደረቅ አድርጉት ማለታቸው አልነበረም። በቆሎ ትምህርት ቤት ተማሪው ዕውቀቱን ብቻ ሳይሆን መምህሩን፣ የመምህሩንም መምህር እንዲቆጥር የሚጠየቀው ለወጉ ያህል አይመስለኝም።

የሽማግሌውን ነገር ሳልጨርስ። እርሳቸው በሄዱ ማግስት ማረሚያ ጻፍሁ። ግመሎቹን የጨመርሁት እኔ መሆኔን ሳልሸሽግ። ዋና አዘጋጁ አነበበውና «ማረሚያ አያስቅም» ብሎ ወደ መሳቢያው ከተተው። መጽሔቷም ከሁለት እትም በኋላ ተዘጋች። ሽማግሌውን ደግሜ አላየኋቸውም።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ ይህን ያውቁ ነበር?» አለችኝ። አነበበችልኝ። ምኒልክ፣ አሜሪካ፣ ሦስቱ ወንበሮች። ወንበሮቹም ከዘይላ ወደብ በግመል ተጭነው።

«ከየት አገኘሽው?» አልኋት።

«ኧረ ጋሼ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው» አለችኝ።

በኔ ጽሑፍ ውስጥ የግመሎቹ ቁጥር አልተጠቀሰም ነበር። አሁን ስድስት ሆነዋል።